ጨዋታውን ላላየ ሰው መንገር

ከደባርቅ ተነሥቶ ሳንቃበርን አልፎ ጨነቅ የደረሰ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ 600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲመለከት፣ ዕድል ከቀናው በገደሉ አፋፍ ላይ ዋልያ ሲግጥ ያያል። ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ በዱር አይገኝም። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ብሔራዊ ቡድን ዛሬ የሚጠራው በዚህ እንስሳ ስም ነው። ይሁን እንጂ የዋልያው ጎረቤት የሆነው የደባርቅና የዳባት ሰው ያንን ቡድን ለብዙ ዘመን ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ከእርሱ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኳሷ ስትመታ ያላየ፣ የተጫዋቹን መልክ የማያውቅ ሰው ጨዋታውን እንዳየ ያህል የተቀበለው ሌላ ሰው አይቶ ስለ ነገረው ነው። ይህ የመንገር ሥራ እንደ ማንኛውም ጥበብ መነሻ አለው፤ መነሻውም የጀማሪዎች ሙከራ ነበር።

ለነባሩ የደጋ ጨዋታ ነጋሪ አላስፈለገም። በገና ዕለት ወጣቱ ጫፉ የታጠፈ ዱላውን ይዞ ሜዳ ሲወርድ፣ አንዱ መንደር ከሌላው ሲገጥም፣ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፤ ሜዳው በኖራ አይሰመርም፤ ሩሯን ከባላጋራው ወሰን ያሳለፈ ወገን አሸናፊ ነው። ሁሉም በዚያው ስለሚውል ያላየ የለም፤ ያላየ ከሌለም የሚነገረው የለም። ሆኖም ጨዋታው ሲያበቃ አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን በግጥም ይዘልፋል፤ ማን እንደ ሸሸ፣ ማን እንደ ወደቀ፣ ማን ዱላውን ጥሎ እንደ ገባ እያነሣ ያዜማል። በዚያች ዕለት ጌታ ሎሌውን አይቆጣም ይባል ነበርና ዘለፋው ከባለ ርስቱም ደጃፍ ይደርሳል። ይህ ሥነ ቃል በአንድ ወገን ከታየ የጨዋታ ዘገባ ነው። ለዛውም ጉድለቱም ከአንድ ምንጭ ይፈልቃል፤ ገጣሚው ራሱ ተጫዋች ነው፤ ለወገኑም ያደላል። ማድላቱን ግን ማንም አይነቅፍበትም።

ከተሜው እግር ኳስ የጠየቀው ሌላ ነገር ነው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተጀመረው ውድድር፣ የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራት፣ ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና ከእንግሊዝ ጦር ሚሲዮን ቡድን ጋር ሲገናኝ፣ በሜዳው ዙሪያ የሚሰማው ቋንቋ እንደ ማሊያው ቀለሙ ብዙ ነበር። ካልቾ፣ ሪጎሬ፣ ማኖ የመሳሰሉት ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ከልጆች አፍ ገብተው ቀሩ። «ማኖ ነካ» የሚለው አነጋገርማ ከሜዳ ወጥቶ በማናቸውም ጉዳይ ለተሳሳተ ሰው ሁሉ የሚነገር ሆነ። ይህን ጨዋታ በአማርኛ ልዘግብ ብሎ ብዕሩን ያነሣ ጀማሪ ሜዳውን ከማየቱ በፊት ቃል መፈለግ ነበረበት።

እዚህ ላይ የአባትና የልጅ ነገር ይነሣል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም የታወቁ፣ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች፣ ቀጥሎም አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ሆነው፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ የመለሱትም እርሳቸው ናቸው። ከባለቅኔ ቤት የወጣ ሰው ለኳስ ሕግ አማርኛ መፈለጉ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

በዚያ ዘመን ለጨዋታው የዋሉት ቃላት አብዛኞቹ አዲስ አይደሉም፤ ከነበሩበት ተነሥተው ሌላ ሥራ የተሰጣቸው ናቸው። ዳኛ ከችሎት ተነሥቶ ፊሽካ ያዘ። በረኛ ከጌታው ደጅ ተነሥቶ በሁለት እንጨት መካከል ቆመ። አጥቂና ተከላካይ ከጦር ሜዳ መጡ። ስለዚህ ዳባት ላይ ራዲዮን የከበበው አድማጭ ስታዲየም ባያውቅም ችሎትን ያውቃል፤ ደጅ ጠባቂን ያውቃል፤ ዘመቻም ከአባቱ ሰምቷል። ጨዋታውን ያየው በእነዚህ ቃላት ነው።

ቃሉ ቢገኝም ሰዋስዉ ሌላ ችግር ነበር። አማርኛ ግሡን ከመጨረሻው የሚያኖር ቋንቋ ነው። «ተጫዋቹ ኳሷን ከመሐል ሜዳ ወደ ቀኝ መስመር ለጓደኛው አሻገረ» ብሎ ለሚናገር ሰው፣ «አሻገረ» ከሚለው ሳይደርስ ጓደኛው ኳሷን ተቀብሎ መትቷል። በጋዜጣ ይህ አያስቸግርም፤ በራዲዮ ግን ተናጋሪው ዘወትር ከኳሷ ኋላ ይቀራል። መውጫው ከራሱ ከቋንቋው ተገኘ። ተናጋሪው ቦዝ አንቀጽን እየደረደረ «ተቀብሎ፣ አንዱን አልፎ፣ ሁለተኛውን አታልሎ» ይላል፤ ዐረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ ኳሷን ይከተላል፤ ቁርጡ ሲደርስ ደግሞ ግሡን አስቀድሞ «መታ!» ብሎ የመቺውን ስም ያስከትላል። የአዝማሪና የፉከራ ጆሮ ያለው ሕዝብ ለዚህ አነጋገር እንግዳ አልነበረም። ሰዋስው አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ቦዝ አንቀጽን ሲያስረዱ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም።

በዚህ ሥራ ከፊተኞቹ መካከል የሰሎሞን ተሰማና የፍቅሩ ኪዳኔ ስም ይነሣል። በአገሪቱ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ባልነበረበት ዘመን የጀመሩ ናቸውና ሙያውን የተማሩት እየሠሩ ነው። ፍቅሩ ኪዳኔ ኋላ በዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ እስከ ማገልገል ደርሰዋል።

የሩጫ ወሬ ለነጋሪ ይቀላል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ለወሬው አንድ ስምና አንድ ቁጥር በቂ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግን እንዲህ በአጭር አይነገርም። የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለት ግብፅ፣ ሁለት ጊዜ መራች። ግርማ ተክሌ አንዱን፣ ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለተኛውን አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። የቡድኑ አሠልጣኝ ይድነቃቸው ነበሩ። እንዲህ ባለው ሰዓት ተናጋሪው ሕዝብም ዘጋቢም መሆን ይኖርበታል፤ ሲጮኽ ያገቢው ስም ከጩኸቱ ሥር እንዳይጠፋ መጠንቀቅ አለበት። ከ26 ዓመት በኋላ፣ በ1980 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸንፋ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ደምሴ ዳምጤ ያስተላለፉበት ድምፅ ደስታንና ወሬን አጣምሮ የያዘ በመሆኑ እስካሁን ይታወሳል።

ይህ ታሪክ በዋና ከተማ አይቆምም። ደባርቅም ሆነ ዳባት፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የመጀመሪያ ዘገባውን የሚሞክር ተማሪ ያንኑ መንገድ እንደ ገና ይጀምረዋል። ሜዳው ዘንበል ያለ ነው፤ ነፋሱ ብርቱ ነው፤ ኳሷ ወደ ገደሉ ከወረደች ጨዋታው ይቆማል። እርሱ ደብተሩን ይዞ ከመስመሩ ዳር ቆሟል። መጀመሪያ የሚስተው ዓይኑን ከኳሷ ላይ አለማንሣቱ ነው፤ ግቡን አይቶ ኳሷን ማን እንዳቀበለ ሳያይ ይቀራል። ቀጥሎ የባላጋራውን ቡድን ልጆች ስም ስለማያውቅ «ቁጥር 7» ብሎ ይጽፋል። ለራሱ ክፍል ግን ስም፣ የአባት ስም፣ ቅጽል ስም ጭምር አለው። ደብተሩን ገልጦ ያየ ሰው ማን እንዳሸነፈ ሳይነገረው ዘጋቢው የየትኛው ክፍል ተማሪ እንደ ሆነ ያውቃል። የገናው ገጣሚ በውስጡ አለ ማለት ነው።

ፈተናውም ከራዲዮኑ ሰው ፈተና ይለያል፤ በአንድ በኩል እንዲያውም ይከብዳል። የራዲዮን አድማጭ አላየምና አይከራከርም፤ በማግስቱ ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው ሥር የተሰለፈው ተማሪ ግን ሁሉን አይቷል። ውሸት ከተነበበ እዚያው ይጮኻል። በእንግሊዝ ክለቦች ማን ከማን ጋር እንደሚጫወት በቃሉ የሚያውቅ ወጣት በየከተማው ሞልቷል፤ በራሱ ወረዳ፣ በ2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ የተሮጠው ሩጫ ግን ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ያልፋል። በ2013 ዓ.ም. የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫን ሲያነሣ፣ ለደባርቅ ሰው ትልቁ ወሬ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት መጣ። ያንን ለመዘገብ የሚችል ሰው የሚገኘው ደግሞ «ቁጥር 7»ን መጠየቅ ከጀመሩት ልጆች መካከል ነው።

ጨዋታው ካበቃ በኋላ፣ የራሱ ክፍል የተሸነፈበት ዘጋቢ ሜዳውን አቋርጦ ከአሸናፊዎቹ ዘንድ ይሄዳል። ይስቁበታል፤ ይዘልፉታል። እርሱ ደብተሩን ዘርግቶ ያገባውን ልጅ ስምህ ማን ነው ይላል፤ የአባትህስ ብሎ ይጨምራል። በማግስቱም ከሰልፉ ፊት ቆሞ ያንን ስም ከነአባቱ አስቀድሞ ያነብባል።