የቮልቴጅ ብክነት፦ አሮጌ ቮልስ በአሰላ ብርድ

ሐምሌ ላይ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ጉም አሰላን ሸፍኗት ሲያድር፣ ጠዋት አሮጌ መኪና ለማስነሳት የሚሞክር ሰው የሚገጥመው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል፣ ሬዲዮው ይሠራል፤ ሞተሩ ግን አይዞርም። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይረው።» ጎረቤት ተጠርቶ መኪናው ይገፋል፣ ገንዘብ ተፈልጎ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ብዙም ሳይቆይ ያው «ቀጭ» ተመልሶ ይመጣል።

ባለሙያዎች ይህን ችግር ቮልቴጅ ድሮፕ ይሉታል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነስቶ ሥራ እስከሚሠራበት ቦታ ሲጓዝ በኬብሉ፣ በመጋጠሚያውና በቡሎኑ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ማለት ነው። ቃል በቃል «የቮልቴጅ መውደቅ» ማለት ይቻላል። ነገር ግን ባትሪ ሲደክም «ወረደ» ማለት ስለለመድን፣ ይህ አጠራር ዓይናችንን መልሶ ባትሪው ላይ ይጥለዋል። እኔ «የቮልቴጅ ብክነት» የሚለውን እመርጣለሁ። በመብራት ማስተላለፊያ መስመር ላይ የሚጠፋውን «የኃይል ብክነት» ማለት ለምደናል፤ ባከነ የተባለ ነገር ደግሞ የት እንደባከነ ይጠየቃል። መካኒኩም መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያዞር 150 አምፔር ይስባል እንበል። አንዱ መጋጠሚያ ዝጎ 0.02 ኦም ያህል ቢያግድ፣ ሁለቱ ሲባዙ 3 ቮልት እዚያው ይቀራል። ባትሪው 11 ቮልት ቢሰጥ ሞተሪኖው ጋ የሚደርሰው 8 ብቻ ነው። በዚያው መጋጠሚያ 5 አምፔር የሚስብ መብራት ቢያልፍ ግን የሚባክነው 0.1 ቮልት ነው፤ ማንም አያስተውለውም። በጠባብ በር አንድ ሰው ሳይጋፋ ያልፋል፤ የሠርግ አጃቢ ሲመጣ ነው ጭንቁ። ስለዚህ መብራት መብራቱ የመስመሩን ጤንነት አያረጋግጥም።

የአርሲ ደጋ ይህን ያባብሳል። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በቆጂ ከዚያም ትበልጣለች። ብርዱ የሞተሩን ዘይት ያወፍራል፤ ሞተሩ ሲከብድ ሞተሪኖው ተጨማሪ አምፔር ይጠይቃል፤ የባትሪው ጉልበት ደግሞ በዚያው ብርድ ይቀንሳል። አዳማ ላይ ማንም ያላወቀው ብክነት መኪናው ሽቅብ ወጥቶ አሰላ ሲያድር ይገለጣል።

ቮልስን የመረጥኩት ለናፍቆት አይደለም። አሠራሩ ለብክነት የተመቸ ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ሞተሪኖውም እዚያው አጠገብ ካምቢዮው ላይ ታስሯል። ሞተሪኖውን የሚቀሰቅሰው ቀጭን ሽቦ ግን እስከ ፊት ድረስ ሄዶ፣ በቁልፉ በኩል አልፎ፣ መኪናውን ሙሉ አቋርጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። የጥንቶቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት መሆናቸውም ሌላ ሸክም ነው፤ አንድ ቮልት ሲባክን ስድስተኛው እጅ ሄደ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚረሳው የመመለሻው መንገድ ነው። ካምቢዮው ጎማ ላይ ስለተቀመጠ ከቦዲው ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ከቀጭን የመዳብ ክር የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጭቃና ውኃ የሚመታው እሱን ነው። ሲበጠስ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በፍሪሲዮን ወይም በነዳጅ ገመድ በኩል ያልፋል። ሞተር ሲነሳ የፍሪሲዮኑ ገመድ ከጋለ ባትሪውን ተዉትና በቀጥታ ከሥር ግቡ።

ምርመራው ቴስተር ብቻ ይጠይቃል። ማርሹ ነጻ ይደረግ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ ከቦቢናው 15 ከሚለው ጫፍ ሽቦው ይነቀል። ቴስተሩ ዲሲ 20 ቮልት ላይ ይሁን። ቀዩ ጫፍ የባትሪው ፖዘቲቭ እርሳስ ላይ፣ ጥቁሩ ሞተሪኖው ላይ 30 የሚል ቁጥር ባለው ትልቅ ቡሎን ላይ ይቀመጥና ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ቁጥሩ ከ0.5 ቮልት ከበለጠ መንገዱ እየበላ ነው። ቀዩን ከእርሳሱ ላይ አንስታችሁ በዙሪያው ያለው ማሰሪያ ላይ ስታደርጉት ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ከቀነሰ፣ ጥፋተኛው በሁለቱ መካከል ያለው ግራጫ ሽፋን ነው፤ ከውጭ ንጹሕ መስሎ ይታያል፣ ሲፈታ ብቻ ይገኛል። በነጌቲቭ በኩልም እንዲሁ ከሞተሪኖው ቆርቆሮ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ እርሳስ ይለካል፤ እዚህ ከ0.2 ብዙ ማለፍ የለበትም። ቁልፉ ሳይዞር የተለካ ቁጥር ግን ዋጋ የለውም፤ ኤሌክትሪክ ካልፈሰሰ የሚባክን የለም።

ይህ የቮልስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካዱ የሚባለው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ከተቋቋመ ወዲህ አርሲ የትራክተርና የኮምባይነር አገር ሆኗል፤ በስንዴ አጨዳ ወቅት የቆመ ኮምባይነርም የሚመረመረው በዚሁ መንገድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ያሉት አሮጌዎች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል።

የተገኘው መጋጠሚያ ተፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይፈገፈጋል፣ ጠብቆ ይታሰራል፣ ከላይ ግሪስ ይቀባል፣ እንደገናም ይለካል። ዋናው መስመር ከተስተካከለም በኋላ «ቀጭ»ው ካልጠፋ ተራው የቀጭኑ ሽቦ ነው፤ 50 የሚለው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ አነስተኛ ከሆነ ሞተሪኖው አጠገብ ሪሌይ ማስገባት የታወቀ መፍትሔ ነው። ሪሌዩን አስቀድሞ የሚያስገባ ግን ዝገቱን ሳያጸዳ ይሸፍነዋል። ሁሉም ተለክቶ ብክነት ካልተገኘና ቁልፉ ሲዞር የ12 ቮልት ባትሪ ራሱ ከ9.6 በታች ከወረደ ግን ጥርጣሬው ወደ ባትሪው ይመለሳል፤ እሱም በሚገባ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ከተለካ በኋላ ነው አዲስ ለመግዛት ገበያ የሚወጣው።