የግል ኔትወርክ፣ የርቀት ግንኙነትና የልደታ ችሎት

በልደታ ፍርድ ቤት ዙሪያ የጠበቃ ቢሮዎች፣ የሒሳብ ባለሙያዎችና የጽሕፈት አገልግሎት ሰጪዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ። አንዱ ኮምፒውተር የደንበኞች መዝገብ፣ ሌላው ፔችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበታል። ባለቤቱ ለሥራ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ ያንን ፋይል ቢፈልግ እንዴት ያገኘዋል? ጥያቄው የቴክኒክ ይመስላል። እኔ የምከራከረው ግን ቴክኒኩ ራሱ ወደ ሕግ ጥያቄ ይመራል ብዬ ነው፦ ግንኙነቱን ማን ጀመረው? የኮምፒውተሩ ባለቤትስ ያውቅ ነበር?

የቢሮ ኮምፒውተር አድራሻ ብዙውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ1996 ለግል ኔትወርኮች ብቻ እንዲውሉ ከተለዩት ሦስት የአድራሻ ክልሎች አንዱ ሲሆን፣ ጎረቤት ቢሮም ያንኑ ቁጥር ሊጠቀም ይችላል። ስለዚህ ከውጭ ሆኖ በዚህ ቁጥር ማንንም መድረስ አይቻልም። አሠራሩን የወለደው እጥረት ነው። በስፋት የሚሠራበት የአይፒ ሥርዓት 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻዎች ብቻ አሉት፤ ለአፍሪካ የሚያከፋፍለው አፍሪኒክም እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ወደ መጨረሻው የቁጠባ ምዕራፍ ገብቷል። በመሆኑም የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ በአንድ የአደባባይ አድራሻ ይወጣሉ። ራውተሩ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ ከውስጥ የወጣውን መዝግቦ መልሱን ያስገባል፣ ሳይጠራ የመጣውን ይመልሳል። በሞባይል ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ሥራ በኦፕሬተሩ ዘንድ በድጋሚ ስለሚከናወን፣ ባለቤቱ የራሱን ራውተር ቢከፍት እንኳ ከውጭ የሚመጣው ጥሪ አይደርሰውም።

ቋሚ የአደባባይ አድራሻ ያለው ድርጅት የሪሞት ዴስክቶፕን 3389 ቁጥር ፖርት ለውጭ መክፈት ይችላል። ቀላል ነው፤ አደገኛም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ማይክሮሶፍት ይፋ ያደረገው ብሉኪፕ የተባለው ክፍተት፣ በቆዩት የዊንዶውስ ስሪቶች ላይ አጥቂ ያለ የይለፍ ቃል በዚሁ አገልግሎት በኩል እንዲገባ የሚያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ላቋረጠበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ ማውጣቱ የአደጋውን ክብደት ያሳያል። አብዛኛው ሰው የሚመርጠው እንደ ኤኒዴስክና ቲምቪወር ያለውን የርቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው። እነዚህ ፕሮግራሞች የራውተሩን ክልከላ የሚያልፉት ከውስጥ ወደ ውጭ በመደወል ነው፤ የቢሮው ኮምፒውተር ወደ ፕሮግራሙ ኩባንያ ሰርቨር ይወጣል፣ ተጠቃሚውም እዚያው ይገናኘዋል። በዚህ ረገድ የሚያሳስበኝ ልማድ አለ። የሒሳብ ፕሮግራም ለሚጠግን ባለሙያ አንድ ቀን የተሰጠውን ቋሚ የይለፍ ቃል ሥራው ካለቀም በኋላ ማንም አይቀይረውም። ከዚህ የሚሻለው የድርጅቱ የራሱ ቪፒኤን፣ ማለትም በምሥጠራ የተጠበቀ የግል መስመር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የሊኑክስ አካል የሆነው ዋየርጋርድ የተባለው ቪፒኤን እያንዳንዱን መሣሪያ በራሱ ቁልፍ ስለሚለይ፣ አንድ ሠራተኛ ሲለቅ የሌላውን ሳይነኩ የእሱን ቁልፍ ብቻ መሰረዝ ይቻላል።

ከውስጥ ወደ ውጭ መደወል ለሰላዩም ይሠራል። በየካቲት 2006 ዓ.ም. በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር፣ በመዝገቡ ላይ ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን በሚገኝ ፍርድ ቤት ከሰሰ። እንደ አቤቱታው፣ በኢሜይል በደረሰ ሰነድ ውስጥ የተደበቀ ፊንስፓይ የተባለ ፕሮግራም በቤተሰቡ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 2005 ዓ.ም. የስካይፕ ንግግሮችን ይቀዳ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ወዳለ ሰርቨርም ይልክ ነበር። ክሱ ውድቅ ሲደረግ ይግባኝ ተባለበት፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ውድቅ መደረጉን አጸና፤ ምክንያቱም የድርጊቱ አንድ ክፍል ከአሜሪካ ውጭ በመፈጸሙ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት አይነሳም የሚል ነበር። በእኔ እምነት ይህ ውሳኔ የርቀት ግንኙነትን ባሕርይ ገልብጦ ያየ ነው። ጉዳቱ የደረሰው ኮምፒውተሩ በተቀመጠበት ሳሎን ውስጥ ነው፤ አዛዡ ሌላ አገር መሆኑ የርቀት ቁጥጥር ትርጉሙ እንጂ ማምለጫው ሊሆን ባልተገባው ነበር።

በዚያው ወቅት ልደታ ላይ ተቃራኒው፣ መልእክቱን ከሰላይ የሚጠብቀው ሲከሰስ፣ ይታይ ነበር። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሠሩት ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች፣ በፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የተከሰሱት በዚሁ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ነው። ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ፍሬ ነገሮች አንዱ የዲጂታል ደኅንነት፣ ማለትም መልእክትን የማመሥጠር ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ችሎቱ የቀሩትን ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው፣ አንደኛው በሌላ የወንጀል አንቀጽ እንዲከላከል ቢታዘዝም። የደንበኛውን ምስጢር በቪፒኤን የሚጠብቅ ጠበቃ የሚጠቀመው ያንኑ የምሥጠራ ጥበብ ነው። መሣሪያውን ብቻ አይቶ ሐሳብን መገመት ንጹሑን ሰው ለዓመት ከመንፈቅ እሥር ሊዳርግ እንደሚችል ከዚህ መዝገብ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በዚህ ረገድ የተሻለ መነሻ ይሰጣል። አንቀጽ 3 የሚቀጣው ሆነ ብሎ ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጭ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ነው፤ የፕሮግራሙ ዓይነት ወይም የምሥጠራው መኖር የወንጀሉ አካል አይደለም። «ከፈቃድ ውጭ» የሚለው ግን ፈቃዱ በግልጽ ካልተቀመጠ ለማስረዳት ይከብዳል። «እስኪ ግባና እየው» ብሎ በስልክ የመግቢያ ቁጥሩን የነገረ ባለቤት፣ ባለሙያው ከሦስት ወር በኋላ በሌሊት ገብቶ ሲገኝ ምን ፈቅዶ ምን እንደከለከለ በምን ያሳያል? በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የደንበኞችን መረጃ የሚይዘውን ድርጅት ራሱን ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ ጥያቄው ወደ ባለቤቱም ይዞራል። ከባለሙያው ጋር በሚደረገው ውል ላይ የሚከፈተው ኮምፒውተር፣ ሰዓቱና ፈቃዱ የሚያበቃበት ቀን ሊጻፉ ይገባል፤ የግንኙነቱ ሎግም ባለሙያው ሊያጠፋው በማይችል ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጥ።