ጥርት ያለ ሰማይና የውርጭ ሌሊት፦ የደጋው ቅዝቃዜ ትንበያ ታሪክ ከስሜን ተራሮች እስከ ጌዶ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሆለታን፣ ጊንጪንና አምቦን አልፎ ጉደርን ከተሻገረ በኋላ ወደ ደጋ መውጣት ይጀምራል። ጌዶ የምትገኘው ከዚህ ዳገት በላይ ነው። በአካባቢዋ የሚኖረው ገበሬ በጥቅምትና በኅዳር ሁለት እንግዶችን በአንድነት ይጠብቃል፤ አንደኛው እሸት፣ ሁለተኛው ውርጭ። ክረምቱ ወጥቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበትና መንገደኛው የወቅቱን ውበት በሚያደንቅበት በዚያው ሳምንት፣ ዘግይቶ የተዘራ ባቄላ ወይም ድንች በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ሊገኝ ይችላል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል የሚያስታውሰውም ይህንኑ የወቅቱን ብርድ ነው።

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የብርድ ወራት የአየር ጠባይ ትንበያ ሲነገር አድማጩ የሚጠብቀው ስለ በረዶ ክምር፣ ስለ ነፋስና ስለ መንገድ መዘጋት ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የዚህ አቻ የሚሆነው የበጋው የውርጭ ማስጠንቀቂያ ነው። የአንዱ አደጋ ከደመና ይወርዳል፤ የሌላው ግን ከደመና መታጣት ይመጣል። የትንበያውን ታሪክ ለመረዳት በቅድሚያ ይህን ልዩነት ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ጥንታዊው ምስክርነት

ቅዝቃዜው በጽሑፍ የታወቀው ከመሣሪያው እጅግ ቀድሞ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ በአዱሊስ ወደብ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን ላይ የገለበጠው ጽሑፍ፣ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ ስላደረገው ዘመቻ ይተርካል። ንጉሡ ከወረራቸው አገሮች መካከል ስሜን አንዱ ሲሆን፣ ተራሮቹ ለመውጣት የሚያስቸግሩ፣ ብርድና ውርጭ የማይለያቸው፣ በረዶውም እስከ ጉልበት የሚያሰጥም እንደ ነበረ በጽሑፉ ተገልጿል።

ይህ ምስክርነት ከብዙ ዘመን በኋላ ክርክር አስነሣ። በ17ኛው መቶ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ኢየሱሳዊው ጄሮኒሞ ሎቦ የስሜንን በረዶ ሲጠቅስ፣ በ18ኛው መቶ ዓመት የመጣው ጄምስ ብሩስ በተራሮቹ ላይ በረዶ አለማየቱን ጻፈ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሄንሪ ሶልት በረዶውን በዓይኑ ማየቱን ገልጾ፣ ብሩስ ያላየው ከግርጌው አልፎ ወደ ከፍታው ስላልወጣ መሆኑን አመለከተ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሸንና በዙሪያው በረዶ አልፎ አልፎ የሚጥል መሆኑ ዛሬ አከራካሪ አይደለም። ክርክሩ ግን ለሙያው አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል፤ ይኸውም ስለ ተራራው አየር ከግርጌው ሆኖ መናገር ለስሕተት የሚዳርግ መሆኑን ነው።

ቋንቋውም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ግዕዝ በረድ፣ ሐመዳ፣ አስሐትያ እና ቊር የሚሉ ቃላት ሲኖሩት፣ አማርኛ በረዶን፣ አመዳይን፣ ውርጭንና ቁርን ይለያል። በአምቦና በጌዶ ዙሪያ የሚነገረው ኦሮምኛም ደጋውን ባዳ፣ ቆላውን ጋሞጂ፣ በጋውን ቦና እያለ ቦታንና ወቅትን ለያይቶ ይጠራል። ከቃላቱ ሁሉ ውርጭ የሚለው የተለየ ሥፍራ አለው፤ በአንድ በኩል የአንድ ሌሊት አደጋ ስም ሲሆን፣ በሌላ በኩል ከደጋ በላይ የሚገኘው ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ የአየር ክልል መጠሪያ ነው።

ውርጭ እንዴት ይፈጠራል?

በበጋ ወራት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ አየር ደጋውን ይሸፍናል። ቀን በፀሐይ የሞቀው መሬት ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቃል። ደመና ቢኖር ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ወደ መሬት በመለሰ ነበር፤ ነፋስ ቢኖርም ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታችኛው ጋር በቀላቀለ ነበር። ሁለቱም በሌሉበት፣ አየሩም ደረቅ በሆነበት ሌሊት መሬቱ እስከ ንጋት ድረስ መቀዝቀዙን ይቀጥላል። የቀዘቀዘው አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውኃ ተዳፋቱን ተከትሎ ወርዶ በረባዳው ሥፍራ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከአንድ ቀበሌ ሁለት ማሳዎች መካከል የተዳፋቱ ሲተርፍ የሸለቆው ሊቃጠል ይችላል።

ከፍታ ብቻውን ወሳኝ አለመሆኑን የሐረማያ ሁኔታ ያስረዳል። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ በከፍታቸው ምክንያት ብርዳም መሆናቸው የሚጠበቅ ነው፤ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በሐረማያ ግን በበጋ ሌሊቶች የሙቀቱ መጠን ከዜሮ ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ።

ከመመልከቻ ጣቢያ እስከ ትንበያ

በመሣሪያ የሚደረገው ምልከታ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በጥቂት ጣቢያዎች ነው። ሥራው መደበኛ መልክ የያዘው ከ1940ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ሲደራጅ ነበር። የመጀመሪያው ተገልጋይ አውሮፕላን አብራሪው በመሆኑ፣ ትኩረቱ በአየር ማረፊያዎች አካባቢ ባለው ነፋስ፣ ደመናና የእይታ ርቀት ላይ ነበር። በአንድ ባቄላ ማሳ ላይ የሚያርፈው ውርጭ ከዚህ ዓላማ ውጭ ነበር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የደረሰው ድርቅና ረሀብ የአየር ጠባይ ምልከታ ለእርሻም የግድ አስፈላጊ መሆኑን በመራራ መንገድ አስተማረ። ታኅሣሥ 22 ቀን 1973 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 201 የብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ኤጀንሲ ራሱን ችሎ ተቋቋመ። በ1970ዎቹ መጨረሻም የፓስፊክ ውቅያኖስን ሙቀት፣ ይኸውም የኤል ኒኞን ሁኔታ ከቀደሙት ተመሳሳይ ዓመታት ጋር በማነጻጸር የወቅት ትንበያ መስጠት ተጀመረ። ዓመቱም ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ ተብሎ ለትንበያ በሦስት ተከፈለ። ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የሚጠራው ይኸው ተቋም ከወቅት ትንበያው ሌላ የወር፣ የዐሥር ቀንና የዕለት ትንበያ ያወጣል፤ ደረቅና ደመና የሌለበት በጋ በሚጠበቅበት ጊዜም የደጋው ሌሊት ቅዝቃዜ እንደሚጠናከር ያስጠነቅቃል።

በመግለጫውና በማሳው መካከል

ይሁን እንጂ ትንበያው ከተነገረ በኋላም አንድ ክፍተት ይቀራል። «በምዕራብ ሸዋ ቅዝቃዜው ይጠናከራል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ከወንጪ ተራራ አንሥቶ፣ በጌዶ አልፎ፣ 1,650 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስከሚገኘው የባኮ የበቆሎ አገር ድረስ ይሸፍናል። ከጌዶ እስከ ባኮ ያለው ርቀት ከመቶ ኪሎ ሜትር ያነሰ ቢሆንም፣ ለአንዱ አስጊ የሆነው ዜና ለሌላው ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ ቴርሞሜትሩ የሚቀመጠው ከመሬት ከፍ ባለ ነጭ ሣጥን ውስጥ በመሆኑ፣ በሣጥኑ ውስጥ 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲነበብ ሣሩ ላይ ያለው ሙቀት ከዜሮ በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ብቻ የሰማ ሰው «ገና ዜሮ አልደረሰም» ብሎ ይዘናጋል።

ገበሬው ለዚህ ክፍተት ከጥንት ጀምሮ የራሱ ብልሃት አለው። ማታ ከዋክብት ደምቀው ሲታዩና ነፋሱ ሲቆም ሌሊቱን ይጠረጥራል፤ በረባዳው ሥፍራ ለውርጭ የሚሳሳ ሰብል ከመዝራት ይቆጠባል፤ ሰብሉ ከብርዱ አስቀድሞ እንዲደርስም በጊዜ ይዘራል። ይህ እውቀት ከሚቲዎሮሎጂ ትምህርት ጋር የሚጣላ ሳይሆን፣ የጠራ ሰማይንና የረጋ አየርን በሌላ ቋንቋ የሚናገር ነው። የጎደለው ነገር ጊዜ ነው። የማታው ሰማይ የሚያስጠነቅቀው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሲሆን፣ የዐሥር ቀኑ ትንበያ ግን የደረሰውን ሰብል ለመሰብሰብ፣ ውኃ ባለበትም ማሳውን አስቀድሞ ለማጠጣት ፋታ ይሰጣል።

ስለዚህ የደጋው ትንበያ ቀሪ ሥራ የሚገኘው በአዲስ አበባው መግለጫና በጌዶው ማሳ መካከል ነው። የጣቢያውን ቁጥር ወደ ሸለቆውና ወደ ተዳፋቱ ተርጉሞ የሚያስረዳ የእርሻ ባለሙያ፣ መልእክቱን ገበሬው በሚሰማው ቋንቋና በሚሰማው ሰዓት የሚያደርስ ሬዲዮ፣ የሌሊቱንም ውጤት መዝግቦ ለትንበያ ክፍሉ የሚመልስ ተመልካች በዚህ ሥራ እኩል ድርሻ አላቸው። ብሩስና ሶልት የተለያዩት አንዱ ከግርጌ፣ ሌላው ከፍ ካለ ሥፍራ በመመልከታቸው ነበር። የጌዶ ውርጭ ደግሞ ተመልካቹን ወደ ረባዳው ማሳ እንዲወርድ ይጠይቀዋል።