እጃችሁ መዳኑን ማን ይናገር?

የእጅ አንጓው ተሰብሮ የነበረ ሰው አስቡ። ጄሶው ተፈቷል፣ ራጁ አጥንቱ መግጠሙን ያሳያል፣ ሐኪሙም «ድነሃል» ብሎ አሰናብቶታል። ቤቱ ሲደርስ ግን የበሩን ቁልፍ ማዞር አቃተው። እስኪ ንገሩኝ፣ ይህ እጅ ድኗል ወይስ አልዳነም?

እንደ እኔ ምህንድስና የተማረ ሰው መጀመሪያ የሚለው «መሣሪያ አምጡና እንለካው» ነው። መሣሪያው ደግሞ ሞልቷል። መገጣጠሚያ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ የሚለካ አለ፤ ስትጨብጡት የመዳፋችሁን ጉልበት በኪሎ የሚያሳይም አለ። የቁልፉን ነገር ግን ሁለቱም አይነግሩንም። ለዚህ በብዙ አገር ያሉ የአጥንት ሐኪሞችና ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙት «ዳሽ» የተባለ መጠይቅ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ፣ አለቀ። ታካሚውን መጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ እዚህ ለመድረስ ለምን ያን ያህል ዘመን ፈጀ?

ከቦስተን እንነሳ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ይሠራ የነበረ ቀዶ ሐኪም ነው። ስለ ትከሻ በ1934 ያሳተመው መጽሐፍ እስካሁን ስሙ ይነሳል። ከዚያ በፊት ግን በአንድ ሐሳብ ሰው ሁሉ አስቸግሮ ነበር፦ እያንዳንዱ ታካሚ ካርድ ይኑረው፣ ሕመሙና የተደረገለት ሕክምና ይጻፍበት፣ ከዓመት በኋላ ተፈልጎ ይታይ፣ ካልዳነም ምክንያቱ ይመዝገብ። ዛሬ ስትሰሙት «ታዲያ ይሄ ምን ያጣላል?» ትሉ ይሆናል። ያጣላል እንጂ! የሐኪም ውጤት መቆጠር ከጀመረ የሐኪም ስህተትም ይቆጠራላ። ኮድማን በ1911 የራሱን ትንሽ ሆስፒታል ከፈተ። እስከ 1916 ድረስ ታክመው ከወጡት 337 ሰዎች ላይ 123 ስህተት መፈጸሙን ራሱ መዝግቦ አሳተመ። በ1915 ደግሞ የከተማውን ሀብታሞች ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለሐኪሞች የወርቅ እንቁላል በምትጥል ሰጎን የመሰለ ካርቱን በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ዘረጋ። ከዚያ በኋላ ብዙ ወዳጅ እንዳልቀረለት መገመት አያቅታችሁም።

የኮድማን ካርድ «መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን የሚጽፈው ግን አሁንም ሐኪሙ ነበር። ሚዛኑ የዞረው ቀስ እያለ ነው። በ1987 ኮንስታንት እና መርሊ ያወጡት የትከሻ መለኪያ ከ100 ነጥብ 65ቱን ለመርማሪው፣ 35ቱን ለታካሚው ቃል ሰጠ። አሁንም የታካሚው ድምፅ ከግማሽ በታች ነው።

ዳሽ መቶውንም ነጥብ ለታካሚው ሰጠ። በ1996 ያስተዋወቁት በካናዳ ቶሮንቶ ያለ በሥራና በጤና ላይ የሚመራመር ተቋምና የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ በጋራ ሆነው ነው። 821 ጥያቄ ሰብስበው ጀመሩና እያጣሩ፣ እየጣሉ 30 ላይ ደረሱ። ጠባብ ክዳን ያለው ጠርሙስ መክፈት፣ ቁልፍ ማዞር፣ ከራስ በላይ ያለ አምፖል መቀየር፣ ጀርባን መታጠብ… ከዚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ እንቅልፍ። ትከሻን ለብቻ፣ እጅን ለብቻ አልጠየቁም፤ ከትከሻ እስከ ጣት ያለው አንድ ሰንሰለት ነውና።

እኔ በጣም የምወደው ግን መመሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ሐሳብ ነው፦ ሥራውን በየትኛው እጅ እንደሠራችሁት ለውጥ የለውም። ቀኝ እጃችሁ ቢጎዳና በግራ መክፈት ብትለምዱ «ያለ ችግር እከፍታለሁ» ብላችሁ መመለስ ትችላላችሁ። የሚለካው የተሰበረው አጥንት ሳይሆን ኑሯችሁ ነው ማለት ነው። በኛ ሙያ ቋንቋ፣ አንዱን ብሎን ትቶ የማሽኑን ሥራ እንደማየት ነው። ይህ ጥቅምም ጉዳትም አለው፤ ግራውን ያሠለጠነ ሰው ቀኙ ሳይሻለው ነጥቡ ይሻሻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 (ምንም ችግር የለም) እስከ 5 (አልችልም) ታከብባላችሁ። አማካዩን አውጡ፣ 1 ቀንሱ፣ በ25 አባዙ። ድምሩ 75 ከሆነ አማካዩ 2.5 ነው፣ ውጤቱም 37.5። 0 ማለት ምንም ችግር የሌለበት፣ 100 ማለት ምንም የማይሆንለት። ከ3 ጥያቄ በላይ ከዘለላችሁ ግን ውጤት አይሰላም። በብዛት የሚዘለለው ስለ ወሲብ የሚጠይቀው ነው፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። በ2005 የወጣው ባለ 11 ጥያቄ አጭር ዳሽ ውስጥም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሌሊቱን በሕመም የማይተኛ ሰውና ሕመም ሳይኖረው ዕቃ ማንሳት የማይችል ሰው እኩል 37.5 ሊያገኙ ይችላሉ። መሐንዲስ ቮልትንና ኪሎን አይደምርም። የአንድን ሰው ለውጥ ከወር ወር ለመከታተል ዳሽ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሰዎችን በአንድ ቁጥር ለማወዳደር ግን እኔ አልቸኩልም።

መጠይቁ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በ2000 የታተመና በሰፊው የሚሠራበት የትርጉም መመሪያ አለ፦ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተረጉማሉ፣ ሌሎች ሁለት ዋናውን ሳያዩ ወደነበረበት ቋንቋ ይመልሱታል፣ ኮሚቴ ልዩነቱን ይመረምራል፣ በመጨረሻም ከ30 እስከ 40 ሰዎች ሞልተውት ምን እንደገባቸው ይጠየቃሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ምግብ በቢላ ስለመቁረጥ ነው። ጥሬ ሥጋ ካልቀረበ በቀር እኛ ገበታ ላይ ቢላ ምን ይሠራል? እሺ፣ በእንጀራ መቁረስ እንተካው እንበል። አሁን ደግሞ «በየትኛውም እጅ» የሚለው ይመጣል። ቀኙ የተጎዳ ሰው በግራው ቆርሶ መጉረስ አያቅተውም፤ ሰው ፊት ግን አያደርገውም። ታዲያ 1ን ያክብብ ወይስ 5ን? ለእነዚያ 30 እና 40 ሰዎች መቅረብ ያለበት እንዲህ ያለው ጥያቄ ነው።