በፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ያለው ስም

ፎቶግራፍ ሁለት ገጽ አለው። በፊቱ የሰው መልክ ይታያል፤ በጀርባው ደግሞ ቀድሞ ፎቶ ቤቱ ስሙንና አድራሻውን የያዘ ማኅተም ይመታበት ነበር። መልኩን ሁሉም ያየዋል፤ ማኅተሙን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ይሁን እንጂ በአገራችን ሕግ የፎቶግራፍ አንሺው መብት የተንጠለጠለው በዚያ በትንሹ ማኅተም ላይ ስለ ሆነ፥ ታሪኩን ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩት። በኋላም በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም የአባታቸውን ሙያ ወረሱ። በዚያን ጊዜ የፎቶግራፍ አንሺ መከታው የጌታው ሞገስ እንጂ የሕግ አንቀጽ አልነበረም።

ጣሊያን በወረራው ዘመን፥ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወረው። ገበያውም ሰፋ፤ ከነጋዴው፥ ከሸማኔውና ከልብስ ሰፊው ጋር ፎቶ ቤትም ገባ። ከገጠር የመጣ ሰው አውቶቡስ ሳይሳፈር በፊት ለወላጆቹ የሚልከውን ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ኔጋቲቩ በፎቶ ቤቱ ካርቶን ውስጥ ይቀራል፤ ወረቀቱ ማኅተም ተመትቶበት አገር ቤት ይገባል።

ሕጉ የመጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ሲደነግግ ፎቶግራፍንም ከአእምሮ ሥራዎች ጋር ቈጠረው። ነገር ግን ለፎቶግራፍ ብቻ አንድ ማሰሪያ ጨመረበት፤ ይኸውም ፎቶግራፉ የስብስብ ክፍል ካልሆነ፥ ወይም በመጽሐፍ ካልታተመ፥ ወይም የሠሪውን አለዚያም የወኪሉን ስምና አድራሻ ካልያዘ ጥበቃ አያገኝም። ሠዓሊ ሥዕሉን ባይፈርምበትም ሥራው የእርሱ ነው፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ማኅተሙን ከረሳ ባዶ እጁን ቀረ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ትክክል አይመስለኝም።

የልዩነቱ ሥር፥ ካሜራ ማሽን ነው፥ ማሽን የሠራውን እንዴት የአእምሮ ሥራ እንለዋለን የሚለው አሮጌ ክርክር ይመስለኛል። በዚህ ነገር የታወቀው ሙግት የኒውዮርኩ ፎቶግራፍ አንሺ የናፖሊዮን ሳሮኒ ነው። ሳሮኒ እ.ኤ.አ. በ1882 ጸሐፊውን ኦስካር ዋይልድን አነሣው። አንድ ማተሚያ ድርጅት ያንን መልክ ሳያስፈቅድ 85,000 ቅጂ አባዛው። ክርክሩም እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1884 ለሳሮኒ ተፈረደለት፤ ሰውዬውን ያስቀመጠው፥ ልብሱንና መጋረጃውን የመረጠው፥ ብርሃንና ጥላውን ያስማማው እርሱ ነውና። የሚያስገርመው፥ በዚያም ሙግት ስለ ስም ተከራክረዋል። ድርጅቱ፥ በፎቶግራፉ ላይ «ኤን. ሳሮኒ» ብቻ መጻፉ አይበቃም ቢልም ዳኞቹ ይበቃል አሉ። የመርካቶውም ባለሙያ «ቀና በል፤ አገጭህን ዝቅ አድርግ፤ እጅህን ወንበሩ ላይ አሳርፍ» ሲል የሚሠራው የሳሮኒን ሥራ ነው። (ጉርድ ፎቶግራፍ ግን ለዚህ ክርክር አይመችም፤ በእርሱ ላይ ሁላችንም አንድ መልክ ነን።)

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የፍትሐ ብሔሩን ድንጋጌ ተካ። መብቱን ሆነ ብሎ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ፤ ያንኑ የስብስብ፥ የመጽሐፍና የስም ማሰሪያ ግን በአንቀጽ 6 እንዳለ አቆየው። ዕድሜውንም አሳጠረው። የደራሲ መብት ዕድሜውን ሙሉና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ሲጸና፥ የፎቶግራፍ መብት ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ብቻ ነው። አንድ ወጣት በ20 ዓመቱ በ1997 ዓ.ም. ያነሣው ፎቶግራፍ በ2022 ዓ.ም. የማንም ይሆናል፤ ባለቤቱ ያን ጊዜ ገና የ45 ዓመት ጎልማሳ ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ የሚያሳስበን ፎቶግራፍ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ተከማችቶ የሚሸጥ ስለ ሆነ ነው። ኦቶ ቤትማን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ሥዕሎች የሞሉባቸውን ሁለት ሣጥኖች ይዞ ከጀርመን ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የሥዕል ግምጃ ቤቱን አቋቋመ። ጋዜጣና ማስታወቂያ ሠሪ እየመጣ ለአንድ ጊዜ መጠቀሚያ ፈቃድ ይገዛ ነበር። አሁን እንዲህ ያሉ ድርጅቶች በኮምፒዩተር አማካይነት የዓለምን ፎቶግራፍ ይሸጣሉ። የእኛም ባለሙያ ሥራውን ለእነርሱ ሲያስረክብ ከሦስቱ ማሰሪያዎች ሁለቱን ያሟላ ይመስለኛል፤ ሥራው በስብስብ ገባ፥ ወኪልም አገኘ። ፈቃድ የሚሰጠው ግን በጽሑፍ መሆን እንዳለበት አዋጁ ያዛል፤ በቃል «ውሰደው» ማለት አይበቃም።

መርካቶ ራሱ ለእንዲህ ያለው ገበያ የተመቸ ነው፤ የበርበሬው ክምር፥ የምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቃጭ፥ ከራሱ የገዘፈ ሸክም የተሸከመ ሰው። እዚህ ላይ ሌላ መብት ይነሣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ባለሥልጣን ወይም ዝነኛ ሰው ሲሆን ፈቃድ አያስፈልግም፤ ተሸካሚው ግን ከሁለቱም አይደለም። ስለዚህ በአንድ ፎቶግራፍ ላይ ያንሺውና የተነሺው መብት ጎን ለጎን ይቆማሉ። ለራሱ መብት የሚጮኽ ፎቶግራፍ አንሺ የተሸካሚውን ፈቃድ ሳይጠይቅ መልኩን ቢሸጥ የሚያስከብረው ሕግ ግማሹን ብቻ ነው።

ጀርባውም ጠፍቷል፤ በስልክ የሚነሣ ፎቶግራፍ ማኅተም የሚመታበት ወረቀት የለውም። ስሙ በፋይሉ ውስጥ ቢጻፍ እንኳ ሥዕሉ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ስማቸውን በሥዕሉ ማዕዘን ላይ ይጽፋሉ። ለዓይን አያምርም። አዋጁ አድራሻንም ስለሚጠይቅ የስልክ ቍጥራቸውን የሚጨምሩትም አልተሳሳቱም።