የመሬት አቀማመጥን የሚገልጹ ቃላትና የቃል ክፍላቸው

በመሬት ይዞታ ሰነድ፣ በአፈርና ውሃ ጥበቃ ዕቅድ እንዲሁም በመማሪያ መጻሕፍት የመሬትን ገጽታና ተዳፋት የሚገልጹ ቃላት በብዛት ይገኛሉ። ጸሐፊውና አንባቢው ቃሉን በአንድ መንገድ እንዲረዱት የቃሉን ክፍል ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። ነባሩ የአማርኛ ሰዋስው ስምንት የቃል ክፍሎችን ይዘረዝራል፤ ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ግን ወደ አምስት ዝቅ አድርገዋቸዋል። ለመሬት አቀማመጥ ገለጻ ዋነኞቹ ስም፣ ቅጽል፣ ግስና ተውሳከ ግስ ናቸው።

1. ስም

ተራራ፣ ኮረብታ፣ አምባ፣ ሸለቆ፣ ገደል፣ ሜዳ፣ ዳገት፣ ቁልቁለትና ተዳፋት ስሞች ናቸው። የብዙ ቁጥር ምልክት ይቀበላሉ (ተራሮች፣ ሸለቆዎች)፤ የዓረፍተ ነገር ባለቤትም ይሆናሉ። «በጣም» ግን አይቀድማቸውም፤ «በጣም ተራራ» አይባልም።

ዳገትና ቁልቁለት የአንድ ቦታ ሁለት ስሞች ሊሆኑ ይችላሉ። ለሚወጣው ዳገት የሆነው ለሚወርደው ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ተመልካቹ የቆመበትን ቦታ ለማያሳይ ሰነድ «ተዳፋት» የሚለው ስም ይመረጣል።

2. ቅጽል

ከስም ላይ «-ኣማ» የሚለውን ቅጥያ በመጨመር ተራራማ፣ ኮረብታማ፣ ገደላማ፣ ሸለቋማ፣ ሜዳማና ረግረጋማ የሚሉ ቅጽሎች ይመሠረታሉ። ቅጽል ከስም በፊት ይገባል፤ «በጣም»ንም ይቀበላል፦ «በጣም ገደላማ አካባቢ»። ቅጥያው መብዛትን ያመለክታል፤ «ተራራማ ወረዳ» ሲባል ተራራ የበዛበት ማለት እንጂ አንድ ተራራ ያለበት ማለት አይደለም።

«ገደላማው አይታረስም» በሚለው ዓረፍተ ነገር ቅጽሉ ባለቤት የሆነው «መሬት» የሚለው ስም ስለተተወ ነው፤ የቃሉ ክፍል አልተለወጠም።

3. ግስ

አዘቀዘቀ፣ አዘነበለና አሽቆለቆለ ግሶች ናቸው። «ያዘቀዘቀ ማሳ» በሚለው ሐረግ ግሱ የቅጽልን ሥራ ይሠራል፤ ሆኖም «ያዘቀዘቁ ማሳዎች» ሲባል እንደ ግስ ይረባል። «ለጥ ያለ ሜዳ» እና «ቀጥ ያለ ገደል» የሚሉትም «አለ» ከሚለው ግስ ጋር የተጣመሩ ናቸው።

4. ተውሳከ ግስ

ሽቅብ፣ ቁልቁልና አግድም የድርጊቱን አቅጣጫ ያሳያሉ፤ የብዙ ቁጥር ምልክት አይቀበሉም። «ቁልቁል» ተውሳከ ግስ ሲሆን «ቁልቁለት» ስም ነው። በእርሻ መመሪያ የእነዚህ ቃላት መሳሳት አፈር ያስወስዳል፤ ተዳፋትን አግድም ማረስ ውሃውን ሲያግድ፣ ቁልቁል ማረስ ግን በየትልሙ መፍሰሻ ያበጅለታል።

5. ክፍላቸው በአገባብ የሚለይ

«ተራራው ላይ» በሚለው «ላይ» መስተዋድድ ነው። «ላይ ጋይንት» እና «ታች ጋይንት» በሚሉት የወረዳ ስሞች ግን «ላይ» እና «ታች» ቀጥሎ ያለውን ስም ይለያሉ። «ተዳፋት መሬት» በሚለውም ስሙ ሌላ ስምን ይገልጻል፤ ስምነቱን ግን አይለቅም።

በሰነድ አጻጻፍ ያለው ፋይዳ

«ተዳፋታማ» የሚለው ቅጽል የተመልካችን ግምት ይገልጻል፤ «ተዳፋት» የሚለው ስም ግን ልኬትን ይሸከማል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል የደነገገው በልኬት ነበር። 60 በመቶ ማለት በ100 ሜትር አግድም ርቀት 60 ሜትር ከፍታ ማለት ሲሆን፣ ወደ 31 ዲግሪ ይጠጋል። ስለሆነም መብትን ወይም ግዴታን የሚወስን ገለጻ «በጣም ተዳፋታማ» በሚል ብቻ ሳይታለፍ፣ ስሙን ከነልኬቱ መጻፍ ይገባል።