መቀሱን ያቀበለው ማን ነበር?

የልብ ቀዶ ሐኪሙ ባሴም ዩሱፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከግብፅ አብዮት ማግስት፣ ካይሮ በሚገኘው ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ካሜራ ተከለ። ዩቲዩብ ላይ የጫናቸው አጫጭር ቀልዶች ብዙ ሳይቆዩ «አል በርናሜግ» የተሰኘ የምሽት ፕሮግራም ሆነው ቴሌቪዥን ገቡ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባርኔጣውን ነው። ፕሬዚዳንት ሙርሲ ፓኪስታን ውስጥ የክብር ዶክትሬት ሲቀበሉ ያደረጉትን ባርኔጣ ባሴም አግዝፎ አሠራው፤ በማርች 2013 ዐቃቤ ሕግ ሲጠራውም ያንኑ ደፍቶ ሄደ። በ15 ሺህ ፓውንድ ዋስ ተለቀቀ፤ ፕሮግራሙም ቀጠለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጁላይ ጦሩ ሙርሲን አወረደ። ባሴም በኦክቶበር ሲመለስ ጄኔራል ሲሲን ፊት ለፊት ብዙም አልነካም፤ ያላገጠው በአምልኮው፣ የጄኔራሉ ምስል በታተመበት ቸኮሌት ነበር። በሰምና ወርቅ ላደግነው ለእኛ ይህ ጨዋ ቀልድ ነው (እንዲያውም ጥንቃቄ የበዛበት)። በሙርሲ ሲስቁ ካመሹት ብዙዎቹ ግን ፊታቸውን አጠቆሩ፤ አቤቱታም ጎረፈ። ሲቢሲ የተባለው ጣቢያ ቀጣዩን ክፍል ሊተላለፍ ሲል አገደው።

ሳንሱር ሲባል ትዝ የሚለን መቀስ የያዘ ሹም ነው። እዚህ መቀሱን የያዘው የግል ጣቢያ ነበር፤ ያቀበለው ደግሞ የትናንቱ ተመልካች።

በ2014 ኤምቢሲ ምስር ፕሮግራሙን ተቀበለው። በፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ሰሞን እንደገና ተቋረጠ። በጁን ባሴም ጋዜጠኞችን ጠርቶ ማብቃቱን ተናገረ፤ ኋላም አገር ለቆ ወጣ።